ባለ ሁለት ሚሊ ላሜራ

በያጅ ነኝ። ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
በር እሠራለሁ፣ ሌባ እንዳይገባ።
ጥቅምት ላይ ግን አንዲት ሴት ልጅ መጣች፣
ክብ የተሣለበት ደብተር ገልጣ አለች፦
«ሁለት ሚሊ ላሜራ፣ ስፋቱ አንድ ክንድ፤
ቀዳዳ ይኑረው መሀሉ ላይ አንድ።»
«ለዲሽ ነው ወይ?» አልኳት።
«ድምፅ ሊታይበት ነው።»
ባዝንላትም፣ ቀብድ ከፍላለች፤ ደረሰኝ ቆረጥኩላት።

አትጠገብ ነው ስሟ፤ ፊዚክስ ታስተምራለች።
ሦስት ጊዜ መልሳ «ጠርዙን ሞርደው» አለች፤
በጥፍሯ ስትመታው፣ ደግማ ስትመታ፣
ጆሮዋን ደቅና ቆየች በዝምታ።
ረዳቴ ሙጨ፣ «ጤነኛም አትመስለኝ።»
እንጃ፤ እኔን ግን ሥራው ደስ አለኝ።
በር ያዘዘኝ ሁሉ የሚያየው ቁልፍና ዋጋ፤
ብረት ምን እንደሚል ጆሮ ማን ያስጠጋ?

የበዓሉ ማታ፣ ጃንተከል አደባባይ፣
ከዋርካው ግንድ ሥር ቆምኩ፣ ሥራዬን ላይ።
መጀመሪያ ወባ ሆነው የጨፈሩ
የጤና ተማሪዎች በሽቦ ክንፍ በረሩ፤
አንዷን ትንኝ ኬብል ጠልፎ ጣላት፤
«አጎበር የለም ወይ!» ሕዝቡ ሳቀላት።
ቀጥለው አራት ሴቶች ልብን በከበሮ መቱ፤
የታመመው ልብ ሲደርስ ተደነቃቀፈ ምቱ።
ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ፣ ከጋቢው ሥር ገባ እጃቸው፤
የራሳቸውን ቆጠሩ መሰለኝ፤ ይንቀሳቀሳል ከንፈራቸው።

ከዚያ የኛ ተራ። (የኛ አልኩ?) ላሜራው ወጣ፤
አዝማሪ ቸኮል ያለ ማሲንቆው፣ ደጋኑን ብቻ ይዞ መጣ።
አትጠገብ የአንገረብን ደረቅ አሸዋ ነሰነሰች፣
እንደ ጨው፣ በሦስት ጣቷ፣ ጥቂት በጥቂት እያለች።
ደጋኑ ጠርዙን ነካ። ሲጥጥ። ሌላ ምንም።
አሸዋው ተንቀጠቀጠ፤ ቅርጽ ግን አልሆነም።
ደገመው። እንደ ድመት ጮኸና ቀረ፤
«ዘይት ቀቡት!» አለ አንድ ጎረምሳ፤ ሳቅ ተጀመረ።

ያ ድምፅ ለኔ ቋንቋ ነው፤ ወዲያው አወቅኩት፦
ብሎኑ ላልቷል። ያጠበቀውን እጄን ረገምኩት።
ባለ አሥራ ሦስት ቁልፍ ከኪሴ አይጠፋም፤
መድረኩ ላይ ወጣሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።
ከነቱታዬ በጀርባዬ ተኛሁ፤ አንድ ዙር፣ ግማሽ ዙር።
ሰዉ አጨበጨበ፤ ትወና መሰለው።
«ውረድ» አለችኝ በዓይኗ፤ ግን ልትስቅ ነው።

ደጋኑ እንደገና። ብረቱ ጮኸ፤ ረጅም፣ የጠራ።
አሸዋው ብድግ አለ፤ ተሯሯጠ፤ ተሰለፈ በየተራ፤
ወዲህ ሲሸሽ፣ ወዲያ ሲሸሽ፣ ድንገት ቆመ፦
ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ ዳሩ ላይ ሐረግ የተጠመጠመ።
«የኔ ነው?» አለ ቸኮል፣ ደጋኑ አየር ላይ ቀርቶ፤
«አርባ ዓመት አሰማሁ፤ መልኩን ያየው ማን ነበር ከቶ?»
«አሸዋው የሚቆመው» አለች አትጠገብ፣ «ብረቱ በማይነቃነቅበት፤
ይሄ ያያችሁት ሐረግ፣ ብረቱ ዝም ያለበት።»

«ተቀበል!» አሉ እኒያ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው፦

«ብረት ሲጮህ ጊዜ አሸዋ ምን ያርግ፣
ጸጥታ ፍለጋ ሮጠ ወደ ጥግ።»

ቸኮል ተቀበለ። ደገመው፣ በቀስታ። ማንም ሳቅ አልሰጠው።
ሰሙን ልጆቹ ወሰዱ፤ ወርቁ ለኛ ቀረ፤
«የትኛው ብረት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረ።
አንድ ክረምት እኔም ሱቄን ቆልፌ፣ ልጆቼን ይዤ፣ በሌሊት፣
ቆላ ድባ ገባሁ፤ ስድስት ሳምንት እህቴ ቤት።
በሮቼ ጥይት እንደማያቆሙ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤
አንድ ሚሊ ናቸው፤ በእጄ ለክቻለሁ።

በማግስቱ ቀሪውን ብር አትጠገብ አመጣችው፤
«ለብሎኑ ሮንዴላ ይጨመር» አልኳት፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።
ከሰዓት ሙጨ ቀለም ሊቀባ ነው፣ የአንድ አራዳ ሰው በር።
«ቆይ» አልኩት። አጋደምነው እዚያው፣ ከበርሜሎቹ ዳር።
የሞረድ ብናኝ ነስንሼ በመዶሻ እጀታ መታሁት አንዴ።
ደንበኛው ደነገጠ፦ «ይሄ ነገር ዋጋ ይጨምራል እንዴ?»